የእናቴ ከበሮ እና የታሸጉት ማዞሪያዎች

የባንዳችን አለቃ አምፑን ከደሴ ገዝቶ ሲመጣ የተጠቀለለበትን ላስቲክ አላወለቀለትም። እስከ ዛሬም አልወለቀም። ከላስቲኩ ላይ ሚስቱ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ይደረብበታል፤ ከሩቅ ያየው ሰው ቴሌቪዥን ይመስለዋል። ይሁን ብዬ ነበር። ቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያዘው፤ ሶፋው እንኳ ከነላስቲኩ ስለሆነ በቆቦ ሙቀት ከእንግዳው ልብስ ጋር እየተጣበቀ ሰው በተነሣ ቁጥር ይጮሃል። እኔን ያንገበገበኝ ላስቲኩም ዳንቴሉም አይደለም፤ ፕላስተሩ ነው።

አምፕ ማለት የቤዝ ጊታሬን ድምፅ የሚያጎላ፣ ስፒከሩን በሆዱ የያዘ ሣጥን ነው። ግንባሩ ላይ ማዞሪያዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያዋ ከጊታሩ የሚገባውን ኃይል ትወስናለች፤ የመጨረሻዋ የሚወጣውን። በመካከላቸው ያሉት ሦስቱ ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ እየለዩ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ሰው የሠራቸው ጆሮ ያለው ሰው እንዲያዞራቸው ነው። አለቃችን ግን ከመጨረሻዋ በቀር ሁሉንም በፕላስተር አሳሽጓቸዋል፤ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል በሚሸፈንበት በዚያ በነጩ ፕላስተር።

ነገሩ የተጀመረው ደሴ፣ ሱቁ ውስጥ ነው። ሻጩ ወፍራሙንና ቀጭኑን እስከ መጨረሻው ከፈተ፣ መካከለኛውን እስከ መጨረሻው ዘጋ፤ ከዚያ አንድ ጊታር ሰክቶ አንዲት ክር መታ። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ግድግዳዋ ሲሚንቶ ነው፣ ሌላ መሣሪያ የለ፣ የሚጨፍር ሰው የለ። ድምፁ ነጎድጓድ ሆነ ይላል አለቃችን፤ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ተርገፈገፈ። ይህን ሲያወራ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ስለ ሚስቱ ሲያወራ እንኳ እጁ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ወዲያው ሻጩን፣ ማዞሪያዎቹን እንዳሉ አሽግልኝ አለው። ሻጩም ምን ቸገረው፣ አሸገለት፤ ማዞሪያዎቹ የቆሙበትን ቦታ ደግሞ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገበት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አለቃችን ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አምፑን አቅፎ ቆቦ ገባ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ፕላስተሩን የነካ የባንዱ ጠላት ሆነ።

አለቃ የምንለው ኪቦርዱም፣ ጄኔሬተሩም፣ አምፑም የእሱ ስለሆነ ነው። ኪቦርድ ይጫወታል። ከእኛ ጋር አንድ ዘፋኝ አለ፤ እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። በሠርግ ወቅት ከዋጃ እስከ ጎብዬ ዳስ በተጣለበት ሁሉ እንጠራለን። ቤዝ ጊታር ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በእኛ በኩል ጥቂት ነው፤ አውቃለሁ የሚለው ደግሞ ከማያውቀው ይብሳል። አዲስ አበባ አንድ ክረምት የከረመ ሁሉ ሠርግ ላይ የድምፅ ባለሙያ ነው። ብርጭቆውን ይዞ ይመጣና መዳፉን አምፑ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ቤዙን ጨምረው ብሎኝ ይሄዳል። የቀረው ሰው የሚያየው ዘፋኙንና ኪቦርዱን ነው። እኔን ከኋላ ቆሜ ክር የምነካካ፣ ምሳ ሲደርስ የምበላ ሰው አድርጎ ይቆጥረኛል። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። የእናቴን ግን አልቻልኩትም።

እናቴ የምትኖረው ጎብዬ ነው። ከበሮ መቺ ናት። በእኛ ሠፈር ሠርግ ላይ ከበሮውን የሚይዙት ሴቶቹ ናቸው፤ እናቴ ስትመታ ደግሞ ሌሎቹ ወይ እሷን ይከተላሉ፣ ወይ ከበሮአቸውን አስቀምጠው ይጨፍራሉ። ምላሷም እንደ እጇ ነው፤ ያለመችውን አይስትም። እኔ ምላሷን እንደወረስኩ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። እጇን መውረስ አለመውረሴ ነበር ያልታወቀው።

ከባንዱ ጋር ስጫወት መጀመሪያ ያየችኝ ቆቦ፣ በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ከበሮዋን አንግታ ፊት ለፊቴ ቆመች። እየመታች ጣቶቼን አየች፣ አምፑን አየች፣ ተመልሳ ጣቶቼን አየች። ሲያበቃ ወደ ጥግ ጠራችኝና፣ «ጣትህ ይሮጣል፤ ድምጥህ ግን የለም» አለችኝ። በዚህ ብታበቃ መልካም ነበር። ጎብዬ ተመልሳ፣ ልጄ ጊታር ይጫወታል አይባልም፣ ጊታር ያስመስላል ነው የሚባለው እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን የሚያገኙኝ ሴቶች ጣታቸውን አየር ላይ እያርመሰመሱ ሰላም ይሉኝ ጀመር።

አብሬያቸው ሣቅሁ። ግን አመመኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ የሠርገኛው ጭብጨባ ቀርቶብኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እናቴ አንድ ጊዜ እንድትሰማኝ። ከበሮዋን አስቀምጣ አይደለም፤ እየመታች። የቤዝ ሥራ ከከበሮ ጋር መሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ መጀመሪያ የሰማሁት ከበሮ የእሷ ነው። ከእሷ ከበሮ ጋር ሄጄ ካልተሰማሁ ሌላው ቢሰማኝም ባይሰማኝም ግድ አልነበረኝም።

ጥፋቱ ከጆሮዋ አልነበረም። ሌላ አገር ባንድ ሲጀምር ከበሮ ይቆማል። በእኛ በራያ ግን ይህን የሚያስብ የለም፤ ባንድ መጣ ተብሎ ከበሮ ዝም ያለበት ሠርግ ለቅሶ ነው ይሉታል፣ ደጋሹም ያፍራል። ስለዚህ ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ኪቦርዱ ይጮሃል፣ ሴቶቹም ከነከበሮአቸው መሐል ይገባሉ፤ ጎረምሳው ሽመሉን ከፍ አድርጎ መሬቱን በእግሩ ይደልቀዋል። ከበሮው ወፍራም ነው። የእግሩም ድለቃ ወፍራም ነው። የእኛ አምፕ ደግሞ ያንን የደሴ ነጎድጓዱን ይዞ እዚያው ወፍራሙ ውስጥ ይገባና ይሰጥማል። ጣቴ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚለየው በመካከለኛው ድምፅ ነው፤ እሱ ደግሞ ፕላስተር ሥር ተዘግቶ ተቀምጧል። ታዲያ ለሰው የሚደርሰው ምንድን ነው? የዳሱ ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ይጋጫል፣ የአምፑ ላስቲክ ራሱ ጢዝ ይላል። ዋጃ ላይ አንድ ሽማግሌ ከማዕድ ተነሥተው፣ ይህን ከባድ መኪና አጥፉልን ብለው ሹፌሩን ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጥተዋል።

ለዚህ ሁሉ የአለቃችን መድኃኒት አንድ ነው፤ ድምፅ ጨምር ይለኛል። ያልታሸገችው ማዞሪያ የመጨረሻዋ ብቻ ናትና እሷን እጨምራለሁ። እኔ በጨመርኩ ቁጥር የሚጨምረው ቆርቆሮው ነው። ከዚያ ኪቦርዱ ይደበቅበትና እሱም ይጨምራል፤ ዘፋኙ አልሰማ ብሎት ይጮሃል፤ የዳሱ ሰው ሁሉ ጆሮውን በእጁ ይዞ ሠርጉ ደመቀ ይላል።

መላውን ያገኘሁት አላማጣ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ቤዝ ተጫዋቻቸው ታሞባቸው ለጥቂት ቀን ተክቼው ተጫወትኩ። የሆቴሉ አምፕ አሮጌ ነው፤ ጠርዙ የተላጠ፣ ቢራ የፈሰሰበት፣ ማንም የማይሳሳለት። ማዞሪያዎቹ ግን ይዞራሉ። መጀመሪያ ሁሉንም እኩል መካከል ላይ አቆምኳቸው፤ ከዚያ ድራሙ እየተመታ፣ ዘፋኟ እየዘፈነች አንድ በአንድ አንቀሳቀስኳቸው። ወፍራሙን ስቀንስ እጠፋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ ወጣሁ። ያ ሁሉ ወፍራም ድምፅ አምፑን ያለ ጥቅም ያደክመው ኖሯል፤ ሲቀልለት ስፒከሩ መርገፍገፉን ትቶ በደንብ መናገር ጀመረ። መካከለኛውን ከፍ ሳደርግ ደግሞ እያንዳንዱ ጣቴ ያረፈበት ተለይቶ ተሰማ። እውነት ለመናገር ለብቻው ሲሰሙት የሚያምር ድምፅ አይደለም። በአፍንጫው የሚዘፍን ሰው ይመስላል። ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ግን ማንም ያልያዘው ቦታ አለ፣ እዚያ ይገባል።

ቆቦ ተመልሼ ለአለቃችን ነገርኩት። ወፍራሙን ቀንሰን መካከለኛውን እንጨምር አልኩት። ወፍራሙን የሚፈራ ቤዝ ተጫዋች በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ፣ ይህም ወጥ ሠሪ ሆኖ እሳት እንደ መፍራት እንደሆነ አስረዳኝ። ለመንኩት። ስለምነው ሰንብቼ በአንድ የልምምድ ቀን፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ፈቀደ። ፕላስተሩን ራሱ በጥፍሩ ጫፍ ቀስ እያለ ላጠው። እኔ እንዳልኩት ማዞሪያዎቹን አዞረ። ከዚያ ዘፋኙን ዝም አሰኘው፣ የራሱንም እጅ ከኪቦርዱ አነሣ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ በል ለብቻህ አሰማን አለኝ። ነገሩ ለብቻ የሚታይ አይደለም ብል ማን ይስማኝ። መታሁ። ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ወጣ። ዘፋኙ ሣቀ። አለቃችን አልሣቀም፤ አዘነልኝ፣ እሱም ከሣቁ ባሰብኝ።

«አብሽር» አለኝ፤ «ሰው ይሳሳታል። ሻጩ ግን የተማረ ሰው ነው።»

ማዞሪያዎቹን ወደ ጥፍር ቀለሙ መልሶ በድርብ ፕላስተር አሸጋቸው። በርበሬ ለብቻው ልሶ ይህ ወጥ አይሆንም ያለ ሰው እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር። ጨው ለብቻው፣ ቅቤ ለብቻው፣ ሽንኩርት ለብቻው እየቀመሰ የሚፈርድ ሰው ቢኖር ከወጥ ቤት በማማሰያ ይባረራል፤ ሙዚቃ ቤት ሲሆን አለቃ ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ አምፑ ፊቴ ቆሞ አምፕ አልነበረኝም።

ጥር ገባና የእኅቴ ሠርግ ደረሰ። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት። ዳሱ የተጣለው ጎብዬ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ እናቴን፣ አንቺ የሙሽራ እናት ነሽ፣ ቁጭ ብለሽ እንግዳሽን ተቀበይ ቢላት፣ የራሴን ልጅ ከበሮ ለማን ልስጠው ብላ ዘጋቻቸው። አንድ ነገር ግን ጨመረች። ትከሻዋ ማመም ጀምሮ ነበርና ከዚህ ሠርግ በኋላ ከበሮውን እንደምትሰቅለው ተናገረች። እናቴ ያለችውን ትፈጽማለች። እየመታች የምትሰማኝ ከሆነ በዚያ ቀን ነው፤ ካለዚያም ጊታር እንዳስመሰልኩባት ልቀር ነው። ይህን ለአለቃችን አልነገርኩትም። ብነግረው ለክብሬ ሲል አንድ ፕላስተር ይጨምርልኝ ነበር።

ጠዋት ከቆቦ ተነሣን። እኔና ዘፋኙ ከጄኔሬተሩና ከስፒከሮቹ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ታጭቀን ሄድን፤ አለቃችን ለራሱና ለአምፑ ባጃጅ ያዘ። ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ባዶውን ስለነበር ነፋሱ አቧራውን ያለ ከልካይ ያመጣዋል። አለቃችን ኮቱን አውልቆ አምፑን፣ ከላስቲኩና ከዳንቴሉ በላይ፣ አለበሰው። ጎብዬ ሲደርስ አምፑ ንጹሕ ነው፣ እሱ ግን ቅንድቡ ድረስ ቡላ ሆኗል። የሠርጉ ሰዎች መጀመሪያ ያጣጠቡት እሱን ነው።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገብቶ ከእኅቴ ጎን ሲቀመጥ ጀመርን። ፀሐይዋ የዳሱን ሸራ ታቃጥለዋለች፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ተከልሏል። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ከበሮዋን አንግታ ከፊት ቆመች። ሌሎች ሁለት ከበሮ የያዙ ጎረቤቶች ከጎኗ አሉ። መታች። ዳሱ በሙሉ ተነሣ። እኔም መታሁ፣ ቆርቆሮው ተንጫጫ። እናቴ ጣቶቼን አየች፣ አምፑን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች። ከበሮ እየመታ ከንፈር የሚመጥ ሌላ ሰው አላውቅም። አንዷ ጎረቤት ከሩቅ ጣቷን አርመሰመሰችልኝ።

አንዱ ዘፈን ሄደ፣ ሌላውም ሄደ። ቀኑ ከእጄ እየወጣ እንደሆነ አየሁት።

ያዳነኝ ሥጋ ነው። በሠርግ ላይ የሙዚቀኞቹ አለቃ ይጠራል፤ ሥጋው ካለበት ጥግ አስቀምጠው ይቆርጡለታል፣ ያጎርሱታል፣ ካልበላ ደጋሹ ተናቅሁ ይላል። አለቃችን ማንንም ንቆ አያውቅም። ሲጠሩት ኪቦርዱን ራሱ እንዲመታ አድርጎ፣ ዘፋኙን ቀጥል ብሎት ይነሣል፤ ኪቦርዱ ያለ እሱ ምቱን ይደጋግማል። ብዙ ሠርግ ላይ እንዲህ አድርጓል፣ ሄዷል ያለው ሰው የለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ በሌለበት የኪቦርድ ተጫዋቹ ዛሬ በልጧል ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጀርባውን እንዳዞረ ወደ አምፑ ጎንበስ አልኩ። የቆላው ሙቀት የፕላስተሩን ሙጫ አቅልጦታል፤ ድርቡ በአንድ ጊዜ ተላቀቀልኝና ጣቴ ላይ ተንጠለጠለ። በቀኝ እጄ ወፍራሙን ክር፣ በግራ ጣቴ ሳልጫነው፣ በከበሮው ልክ እየመታሁ በግራዬ ማዞሪያዎቹን አዞርኩ። ኃይሉን የምታስገባውን ትንሽ መለስኳት፤ ኃይል ሲበዛባት የምትበራው ቀይ መብራቷ ከጀመርን ወዲህ አልጠፋችም ነበር። ወፍራሙን ከግማሽ በታች አወረድኩት፤ ቆርቆሮው ወዲያው ዝም አለ፣ ከጥግ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ቀና አሉ። ቀጭኑን ዝቅ አደረግሁት፤ የጣቴና የክሩ ፍትጊያ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ምን ሊሠራ? ከዚያ መካከለኛውን በጥቂት በጥቂቱ ጨመርኩ፣ ከእናቴ ከበሮ ሥር ብቅ እስኪል ድረስ። የት እንደሚያቆም የነገረኝ የእሷ እጅ ነው። ከበሮዋ ሲያርፍ የእኔ ይቀጥላል፣ የእኔ ሲያልቅ የእሷ ይነሣል። እዚያ ተውኩት፣ ድምፁን ጨመርኩ፣ ቀና ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት።

እናቴ እጇ አልቆመም፣ ዓይኗ ግን ተለወጠ። አንድ እርምጃ ወደ አምፑ ቀረበች። ጣቶቼን አየች፤ በዚህ ጊዜ ቶሎ ብላ ዓይኗን አላነሣችም። ከዚያ ፈተነችኝ። ምቷን ሳትነግረኝ ቀየረችው፤ ተከተልኳት። መልሳ ቀየረችው፤ ቀድሜ ጠበቅኋት። ጎረምሶቹ ምን እንደተለወጠ ሳያውቁ ድለቃቸው ተስተካከለ። ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይኼኔ ከበሮዋን አቆመች። በደንብ ልትሰማኝ ፈልጋ ነው። እሷ ስትቆም ሌሎቹም ከበሮዎች ቆሙ፣ ዘፋኙም ምን ተፈጠረ ብሎ ዝም አለ፣ ድለቃውም ተቋረጠ። የቀረው የኪቦርዱ ልል ምትና እኔ ነን። በአፍንጫው የሚዘፍን፣ ጉንፋን የያዘው ድምፅ ብቻውን ዳሱ መሐል ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የልምምዱ ቀን በዓይኔ መጣብኝ፤ ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ ከሆነ ብዬ ጊታሩን አውርጄ መሄድ አማረኝ። እጄ ግን መምታቱን አልተወም።

እናቴ ጆሮዋን ወደ አምፑ ዘንበል አድርጋ ሰማች። ከዚያ ከነከበሮዋ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ይኸ ነው ድምጥህ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ሲያስጠላ» አለች። «ለብቻህ አታምርም» አለችኝ። ከበሮዋን በመዳፏ ነካ አደረገችው። «እኔስ ብሆን ለብቻዬ ቆዳ አይደል የምመታ። በል፣ ያዝ።»

መታች፣ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ትከሻዋ ያመማት እንደሆነ ሰው አላየም። ከፊቴ ዞር አላለችም፤ ሌሎቹ ሴቶች መሐል እየገቡ ሲጨፍሩ እሷ እዚያው ቆማ፣ ስትፈልግ ምቷን እየሰጠችኝ፣ ስትፈልግ እየነጠቀችኝ፣ እኅቴ ከዙፋኗ ወርዳ እስክትጨፍር ድረስ ሄድን። ስሳሳት በዓይኗ ትገላምጠኛለች። መገላመጧ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር፤ የማይሰማ ሰው ስሕተቱ አይታወቅምና።

አለቃችን ስንጥሩን ጥርሱ ላይ አድርጎ ተመለሰ። ዳሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ አዳመጠ፤ ፊቱ በራ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ደሴ የተስተካከለ አምፕ ማለት ይህ ነው፣ ያኔ ብትሰማኝ ኖሮ አለኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ኪቦርዱ ጋ ሄደ። አመሰገንኩት።

ዕቃ ስንሰበስብ ነው ፕላስተሩን መሬት ላይ፣ አቧራና ቄጠማ ተጣብቆበት ያገኘው። አንሥቶ አየው፣ አምፑን አየው፣ እኔን አየኝ። የሰማውን ድምፅ ረሳው፤ ሌባ ቤቱን የሰበረበት ሰው ሆነ። ያን ያህል ያማረው ምን ሆኖ ይመስልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ ያማረውማ የእናትህ ከበሮ ነው አለኝ። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ወደ እውነት የቀረበው ይህ ነው፤ እሱንም ያለ ዕውቀት ነው የተናገረው። ቆቦ እንደገባን ማዞሪያዎቹን ወደ ጥፍር ቀለሙ መልሶ በሌላ ፕላስተር አሸጋቸው። አሁን ፕላስተሩ ጥቁር ነው፤ መብራት የሚሠራ ዘመዱ የሰጠው፣ ሙቀት የማይፈታው። ሥጋም ሲጠሩት አምፑን ዓይኑ ከሚያይበት ቦታ ያስቀምጡኝ ይላል።

እናቴ እንዳለችው ከበሮዋን ሰቀለችው። እልፍኙ ግድግዳ ላይ ነው፤ አቧራውን ትጠርግለታለች፣ አታወርደውም።

ከፋሲካ በኋላ ቆቦ ውስጥ የዘመድ ሠርግ ነበር፤ ባንዱ እኛው ነን። እናቴ በእንግድነት መጥታ ከአምፑ አጠገብ ወንበር ያዘች፣ እጇ ጭኗ ላይ ነው። ከበሮዎቹን ሌሎች ሴቶች ይመታሉ። ጥቁሩ ፕላስተር ሥራውን ይሠራል፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ላስቲኩ ጢዝ ይላል። አንድ ዘፈን አልቆ ዘፋኙ ውኃ ሲጠጣ ከእናቴ ጎን የተቀመጠች የጎብዬ ጎረቤታችን ጣቷን አየር ላይ አርመሰመሰችና፣ ይኸ ጊታር ያስመስላል ያልሽው ልጅሽ አይደል አለቻት።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ከሥር አለ» አለቻት። «ከበሮውን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። አንቺ ጆሮ ከሌለሽ ልጄ ምን ያድርግሽ?»

ቀጣዩ ዘፈን ተጀመረ። እናቴ በጣቷ ጭኗን እየመታች፣ ራሷን እየነቀነቀች ወደ እኔ ታያለች። እኔ ግን አምፑ ሥር ቆሜ ከቆርቆሮው በቀር የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር።